ሌሊት የተቀሰቀሱ ልጆች

ባለፈው ዓመት የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ሲቃረብ እኔና ባለቤቴ ልጆቹ ሳያውቁ ሐዋሳ ልንወስዳቸው ተማከርን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደበቅን። ክፍሉን ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤት ሆኖ ደውሎ ያዘ። የዋና ልብሱን ገዝቼ ከጤፉ በርሜል ጀርባ የወሸቅኩት እኔ ነኝ። ቤት የምታግዘንን ልጅ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል አስማልናት። ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን መኪናው ተጭኖ፣ ስንቁ ተቋጥሮ አለቀ። መብራት ሳላበራ ገብቼ የትልቋን ልጄን ትከሻ ነካ አደረግኩ። ያኔ 9 ዓመቷ ነበር። ዓይኗን ገለጠች። በሩ ላይ ጋቢ ደርቦ የቆመውን አባቷን አየች፤ ኮሪደሩ ላይ የተገተረውን ሻንጣ አየች፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«እማዬ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ።

በሌላው እጄ ስልኬን ይዤ ነበር። ደስታዋን ልቀርጽ።

ማንም አልሞተም፣ ሐዋሳ ልንሄድ ነው፣ ጀልባ አለ፣ ዋና አለ እያልኩ ዘረዘርኩላት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ ፊቷ አልተፈታም። የ5 ዓመቱ ወንድሟ ይባስ ብሎ አለቀሰ፤ ለካ በዚያው ቀን ከጎረቤት ልጅ ጋር ኳስ ሊጫወት ተቀጣጥሯል። ሞጆን አልፈን መቂ እስክንደርስ የመኪናው ጸጥታ ከቀብር የሚመለሱ ሰዎችን የጫነ ያስመስለን ነበር። ትልቋ ሁለት ጊዜ «አያቴ ግን ደህና ናት?» ብላ ጠየቀች። የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የባለቤቴ አባት ሲያርፉ ልጆቹን የቀሰቀስናቸው እንዲሁ በሌሊት፣ እንዲሁ በሹክሹክታ፣ ያንኑ ሻንጣ እዚያው ኮሪደር ላይ አቁመን ነበር።

ሐዋሳ ከደረስን በኋላ ነገሩ ተስተካከለ። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ዓሣ አስጋሪዎቹ የሚጥሉትን አንጀት የሚሻሙትን አባ ኮዳዎች ሲያይ ትንሹ ኳሱን ረሳው። ትልቋም ጉሬዛዎቹን ከዛፍ ዛፍ ስትከተል ዋለች። ስለዚህ ጉዞው ላይ የማወጣው ስህተት የለም። የተበላሸው አነጋገራችን ነው። ሦስት ሳምንት የለፋንበት ምስጢር ለልጆቹ ምን ሰጣቸው፣ ምንስ ወሰደባቸው ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ከተመለስን በኋላ ነው።

ከቃሉ ልጀምር። «ሰርፕራይዝ» ዛሬ የሁላችንም ቃል ሆኗል። ልደት ላይ ሰርፕራይዝ አለ፣ ምርቃት ላይ አለ፣ ሽማግሌ ልኮ የጨረሰ ሰው እንኳ ቀለበቱን በሰርፕራይዝ ካላጠለቀ ሆዱ አይሞላም። በአማርኛ እንተካው ብንል ግን የሚመጡልን ቃላት ሌላ ናቸው፤ ድንገት፣ ድንገተኛ፣ ዱብ ዕዳ። ሆስፒታል ውስጥ «ድንገተኛ» የተባለው ክፍል የቱ እንደሆነ እናውቃለን። ዱብ የሚለውም ዕዳ ነው፤ ሀብት ዱብ ሲል አልሰማንም። ለደግ ነገር ቃል የለንም ማለቴ አይደለም። ሲሳይ አለ። ሲሳይ ግን ከላይ የሚወርድ ነው፤ ሰው ለሰው ደብቆ የሚያሰናዳው አይደለም።

ከቃሉ በስተጀርባ ደግሞ ወግ አለ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናስታውስ። ሐዘንተኛው ሳይሰማ ዘመድና ጎረቤት ቀድሞ ያውቃል። በር ገርበብ ተደርጎ ይመከራል። ስልክ ሲጠራ ወጣ ተብሎ ይነጋገራል። ሐዘንተኛው ገባ ሲል ወሬው ይቀየራል። ከዚያ ንጋት ላይ፣ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ዘመዶች ደጅ ይቆማሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ወግ ይዘውት ሄደዋል፤ ዋሽንግተንም ሆነ ፍራንክፈርት ያለ ሰው ጓደኞቹ ሳይደውሉ በማለዳ ተሰብስበው ከመጡ ቡና ፈልገው እንዳልሆነ ያውቃል።

የምሥራች የሚነገረው በተቃራኒው ነው። የምሥራች ያለው ሰው ገና ከአጥር ውጭ ሆኖ ይጮኻል። ሰሚው «ምሥር ብላ» ይለዋል፤ የቸኮለ ደግሞ እጁ የገባውን ይሸልመዋል። የምሥራች ሮጦ ይመጣል፣ መርዶ ተደብቆ ይቆያል። ይህን ለልጆች ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምራቸውም። እየኖሩ ይለምዱታል። እዚህ ያደገ የ9 ዓመት ልጅ፣ አዋቂዎች ሦስት ሳምንት ሲንሾካሾኩ ከሰነበቱ በኋላ በጨለማ ከቀሰቀሱት፣ ለምልክቶቹ ያለው ትርጉም አንድ ነው። ልጄ አልተሳሳተችም፤ እኛ የምሥራቹን በመርዶ ሥርዓት ነገርናት።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፖል ኤክማን የሰው ልጅ ፊት ላይ በየትኛውም አገር ይነበባሉ ካላቸው ስድስት መሠረታዊ ስሜቶች አንዱ መገረም ነው። ሌሎቹ አምስቱ ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃትና መጸየፍ ናቸው። እነዚህ አምስቱ የየራሳቸው ቀለም አላቸው። መገረም ግን የለውም። ዓይን ይፈጥጣል፣ ቅንድብ ይነሳል፣ አፍ ይከፈታል፤ ወዲያው ያልፋል። የሚተካው ስሜት ምን እንደሆነ የሚወስነው ሰውየው በዚያች ቅጽበት ዙሪያውን ሲያይ የሚያገኘው ነገር ነው። ፊኛና ኬክ ካየ ይስቃል። ጨለማ፣ ጋቢና ሻንጣ ካየ ደግሞ ሌላ ነው። እንግዲህ ሰርፕራይዝ ራሱ ስጦታ አይደለም ማለት ነው። ባዶ ዕቃ ነው፤ በአጠገቡ የተገኘው ይሞላዋል።

ያልታሰበ ደስታ የሚያረካ መሆኑን ልክድ አልፈልግም። አእምሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንኳ ይታወቃል። ስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ቮልፍራም ሹልትዝ ዝንጀሮዎችን ጣፋጭ ጭማቂ እያጠጣ ዶፓሚን የሚያመነጩ የአእምሮ ሕዋሶቻቸውን ይከታተል ነበር። ውጤቱን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተንትኖ በ1997 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዝንጀሮው ሳይጠብቀው ጭማቂ ጠብ ሲልለት ሕዋሶቹ ይፈነጥዛሉ። የሰርፕራይዝ ወዳጆች እዚህ ላይ ማጨብጨብ ይችላሉ። ከጭማቂው አስቀድሞ ምልክት ቢሰጠውና ዝንጀሮው ምልክቱን ቢለምድ ግን ነገሩ ይዞራል። አሁን ሕዋሶቹ የሚፈነጥዙት ምልክቱ ሲመጣ ነው፤ ጭማቂው ሲመጣ ዝም ይላሉ። ደስታው አልጠፋም፣ ወደ ፊት ተሳበ እንጂ። ሦስተኛም አለ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ቢቀር፣ ሊመጣ በነበረበት ሰዓት ሕዋሶቹ ከተለመደው እንኳ ዝቅ ይላሉ። ተስፋ የቆረጠ ልጅን ፊት ያየ ወላጅ ይህን ለማመን ዝንጀሮ አያስፈልገውም። ይህችን ሦስተኛዋን ኋላ እመለስባታለሁ።

ደስታው ወደ ፊት ይሳባል ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ የእንቁጣጣሽን ዋዜማ ማስታወስ ይበቃል። አዲሱ ልብስ ከመርካቶ የሚገዛው በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ነው። ወዲያው ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቀላል፤ መልበስ ክልክል ነው። ልጅ ግን በቀን አምስቴ ከፍቶ ያየዋል። የአዲስ ጨርቅ ሽታ አለ፤ ያንን ያሸታል። ጫማውን አልጋ ላይ አውጥቶ፣ ሶሉ መሬት ያልነካ ስለሆነ ማንም አይቆጣውም፣ ከትራሱ አጠገብ አድርጎ ይተኛል። የእንቁጣጣሽ ዕለት ራሱ ምን ሆነ ብትሉኝ ብዙም አላስታውስም፤ ዶሮ በልተናል መሰለኝ። ጫማው ከትራሴ አጠገብ ያደረበትን ሌሊት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እናቴ ልብሱን ደብቃ በበዓሉ ጠዋት ብታወጣልኝ ኖሮ የእነዚያን ሰባት ሌሊቶች ደስታ ማን ይመልስልኝ ነበር?

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ጆርጅ ሎወንስታይን በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ተማሪዎችን አንድ ለየት ያለ ጥያቄ ጠየቀ፦ የምትወዱት የፊልም ተዋናይ ቢስማችሁ ስንት ትከፍላላችሁ? አሁኑኑ ከሆነ ስንት፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ከሆነ ስንት፣ ከአንድ ቀን፣ ከ3 ቀን፣ ከአንድ ዓመት፣ ከ10 ዓመት በኋላስ? የምጣኔ ሀብት ሕግ እንደሚለው ቢሆን አሁኑኑ የሚገኘው ነገር ከፍ ያለ ዋጋ ማውጣት ነበረበት። ተማሪዎቹ ግን ከፍተኛውን ዋጋ ለ3 ቀን ሰጡ። ሦስት ቀን ሲያስቡት ሊያድሩ ነዋ! በ10 ዓመቱ ዋጋው ወረደ፤ ያን ያህል የሚጠብቅ ሆድ የለም። በዚያው ጥናት ስለ ኤሌክትሪክ ንዝረት ሲጠየቁ ደግሞ መልሱ ሌላ ነው፤ ክፉው ነገር በዘገየ ቁጥር እሱን ለማስቀረት የሚከፍሉት ዋጋ ጨመረ። ክፉውን በጉጉት ሳይሆን በጭንቀት ነው የሚጠብቁት። የልጆች ክትባት የሚነገርበትና የሽርሽር ወሬ የሚነገርበት ጊዜ አንድ መሆን የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው። መርፌውን ቶሎ ነግሮ ሽርሽሩን የሚደብቅ ወላጅ ተገላብጦበታል።

በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ደግሞ በቀጥታ ስለ እረፍት ጉዞ ነው። የሩን ናቪንና ባልደረቦቹ 1,530 ሆላንዳውያንን ተከታተሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 974ቱ ለእረፍት ተጓዙ። ከተመለሱ በኋላ ተጓዦቹና ቤት የቀሩት በደስታ ብዙም አልተለያዩም፤ ትንሽ የተለዩት እረፍታችን እጅግ የሚያዝናና ነበር ያሉት ብቻ ናቸው። ልዩነቱ በጉልህ የታየው ከጉዞው በፊት ነው። ሊሄዱ የነበሩት ገና ሳይሄዱ ደስተኞች ነበሩ። በሁለቱም ጥናት የተጠየቁት አዋቂዎች እንጂ ልጆች አለመሆናቸውን አልሸሽግም፤ ነገር ግን ከትራሴ አጠገብ ላደረው ጫማ ይህ ሁሉ ማስረጃ ያስፈልገዋል ብዬም አላምንም።

አሁን እኛ ቤት እንመለስ። ሦስቱን ሳምንት ምን ስናደርግ ሰነበትን? ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሐዋሳን ሐይቅ ፎቶ በስልክ እንመለከት ነበር። ባለቤቴ «የጀልባውን ነገር ሲያይ ትንሹ ምን የሚል ይመስልሻል?» ይለኛል፤ እኔ እስቃለሁ። የዋና ልብሱን ስገዛ ከሻጯ ጋር ሳይቀር አውርቼበታለሁ። ሥራ ቦታ ተናግሬያለሁ። እናቴ ታውቃለች፣ እህቴ ታውቃለች፣ ሠራተኛችን ታውቃለች፤ ሁሉም በየፊናቸው ይደሰቱበታል። በቤቱ ውስጥ ሐዋሳን ሦስት ሳምንት ሙሉ ያጣጣመው ሰው ሁሉ አዋቂ ነው። ጉዞው የእነሱ ነው የተባለላቸው ሁለት ልጆች ብቻ ምንም ሳይደርሳቸው ቀረ። የሰርፕራይዝ ጉዞ ጉድለቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጉጉቱ አልጠፋም፤ ወላጆች በሉት። ለልጆቹ የተረፋቸው አንድ ደቂቃ ነው፤ ያችንም ደቂቃ ስልክ ደቅነን ለእኛ እንዲያሳዩን ጠበቅናቸው።

ስለ ስልኩ ትንሽ ልበል። በየማኅበራዊ ሚዲያው «ዛሬ ዲዝኒላንድ ልንሄድ ነው» ተብለው የሚጮኹ የአሜሪካ ልጆችን ቪዲዮ ያላየ የለም። እኛም ከዚያ ነው የቀዳነው። የዚህ ዓይነት ቪዲዮ አስቸጋሪነቱ ልጁ እንዴት መደሰት እንዳለበት አስቀድሞ መጻፉ ነው። መጮኽ አለበት፣ መዝለል አለበት፣ እናቱ አንገት ላይ መጠምጠም አለበት። በእንቅልፍ ልቡ ያለ ልጅ ደግሞ እንዲያ አያደርግም። ኳሱን ያስባል። ወይም አስቦ አስቦ «ብሄድስ ድመቷን ማን ያበላታል?» ይላል። ያኔ ወላጅ ይቀየማል። «ይህን ሁሉ ደክመን!» የምትለው ቃል ከአፍ ትወጣለች። እኔም ብያታለሁ፣ መቂ አካባቢ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ዕድሜ ነገሩን ይለያየዋል። የ3 ዓመት ልጅ «ነገ» ማለት ምን እንደሆነ ገና አልገባውም፤ ትናንትንና ነገን ያቀያይራል። ለእሱ «ከሦስት ሳምንት በኋላ» ማለት በየማለዳው «ዛሬ ነው?» ብሎ ማልቀስ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ዋዜማው ይበቃዋል። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ግን ጣት አጥፎ ቀን ይቆጥራል፤ መቁጠሩ ራሱ ጨዋታ ነው። አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ደግሞ የራሱ ቀጠሮ፣ የራሱ ጓደኛ፣ የራሱ ጉዳይ አለው። ሳይጠየቅ ጊዜውን ሲወስዱበት የሚሰማው መናቅ ነው፤ ልክም ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችንን ሳንነግረው የሦስት ቀን ጊዜውን ብንወስድበት ምን ይለናል? ለውጥ የሚያስጨንቃቸው ልጆችም አሉ፤ ምግባቸው፣ አልጋቸው፣ የቀኑ ቅደም ተከተል ከተዛባ የሚታወኩ። ለእነዚህማ መደበቁ ጭካኔ ነው።

እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ መደበቁም አይሳካም። ልጅ የወላጁን ስልክ ይዞ ጨዋታ ሲጫወት የቴሌብር ክፍያ መልእክት ከላይ ብቅ ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ወባ አታውቅም፤ እንግዲያው አጎበር ከቁም ሳጥን ሲወርድ ያየ ልጅ ወደ ቆላ ልንወርድ ነው ብሎ ማሰቡ አይቀርም። አያት ደግሞ አለች። ለአያት ምስጢር መንገር ለመንደሩ መንገር ነው፤ ከልጅ ልጇ የምትደብቀው ነገር አልተፈጠረም። አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸውን በድንገት ኢትዮጵያ ለማምጣት ሲያስቡ ችግሩ ይብሳል። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ሲወጣለት ራሱ በአካል መቅረብ አለበት፤ በመደበኛው አሠራር ሁለቱም ወላጆች አብረው ይቀርባሉ። ፓስፖርቱ የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ስለሆነ ባለፈው ጊዜ ያወጣነው ይበቃል ብሎ መዝለልም ላይቻል ይችላል። መስኮት ፊት ቆሞ ፎቶው ሲታይ ልጁ ለምን አይልም?

ከዚያ አገር የሚመጣ ሌላ ዓይነት ሰርፕራይዝም አለ፤ ልጆቹን ይዞ ሳይናገሩ አያት ደጅ መቆም። የአንዲት ጎረቤቴ ልጅ ይህን አደረገች። ስድስት ዓመት ሳትመጣ ቆይታ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ልጆቿን ይዛ በሩን አንኳኳች። እናትዬው ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። አለቀሱ፣ እልል አሉ፣ ልጆቹን አገላብጠው ሳሙ። ማታ እኔ ቤት መጥተው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ቤቱ ሳይቀባ፣ ዶሮ ሳልገዛ፣ ጠላ ሳልጠምቅ! ቦሌ ሄጄ በአበባ ልቀበላቸው አልነበረም እንዴ?» ስድስት ዓመት የጠበቁት አቀባበል በአንድ በር ማንኳኳት አለቀ። ሴትዮዋ የተቀሙት የእኔ ልጆች የተቀሙትን ነው፤ እሳቸው ግን ትልቅ ሰው ስለሆኑ መናገር ቻሉ።

እንግዲህ መደበቅ ጨርሶ አያስፈልግም ወይ? ያስፈልጋል፤ ግን በሌላ ምክንያት። የሹልትዝን ሦስተኛ ነገር አስታውሱ፤ ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር ከነበረበትም በታች መውደቅ አለ። በእኛ አገር ጉዞ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው። ነዳጅ ይጠፋል። መንገድ ይዘጋል። የዓመት ፈቃድ የፈረመው አለቃ በመጨረሻው ቀን ሐሳቡን ይቀይራል። ለሆቴል የተቀመጠው ገንዘብ ለሆስፒታል ይወጣል። እንዲህ በሆነበት ቤት ከወር በፊት ለልጅ ቃል መግባት ቃል ማጠፍን መልመድ ነው፤ ሁለት ጊዜ የታጠፈበት ልጅ ሦስተኛውን አያምንም። ስለዚህ ቁርጡ እስኪታወቅ ዝም ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ ጥንቃቄ እንጂ ሰርፕራይዝ አይደለም። ፈቃዱ ከተፈረመ፣ መኪናው ከተሠራ፣ ክፍሉ ከተያዘ በኋላ ዝም ማለቱን የምንቀጥለው ለልጆቹ ብለን አይደለም።

ዘንድሮ ሌላ መንገድ ሞከርን። ያገኘሁትም ከእናቴ ቤት ነው። እንቆቅልሽ የምንጫወት ሰዎች ነን። አንዱ «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው መልሱን ካጣ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ብሎ ከተማ ይቀበላል፤ በተሰጠው አገር ላይ እንደ ልቡ ይንደላቀቅና መልሱን ይናገራል። ሲያስቡት የሚገርም ነው፤ ያላወቀ አገር የሚሰጥበት ጨዋታ እያለን እኛ ልጆቻችንን በጨለማ እንቀሰቅሳለን።

ማክሰኞ ማታ እራት ላይ «የምሥራች» አልኩ። ትልቋ «ምሥር ብዪ» አለችኝ፤ ከአያቷ የለመደችው ነው። ቅዳሜ መንገድ ልንሄድ ነው፣ ሁለት ሌሊት እናድራለን፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ ማንም አልታመመም ብዬ ነገርኳቸው። የመጨረሻዋን ለእሷ ብዬ ነው የጨመርኳት። የት እንደሆነ ግን አልነግራችሁም፤ በየማታው አንድ እንቆቅልሽ አለ። የመጀመሪያው ማታ፦ «ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል፣ ግን ይዋኙበታል።» ትንሹ «ሻይ ቤት!» ብሎ ጮኸ። ትልቋ ብዙ አሰበችና ባሕር ዳርን ሰጠችኝ። ባሕር ዳር ላይ ሆኜ ዓሣ በላሁ፣ ጣና ላይ በጀልባ ተንሸራሸርኩ፣ እነሱን ግን አልጠራኋቸውም ብዬ አበገንኳቸው። ረቡዕ ማታ፦ «እህቶቿ በዙሪያዋ ናቸው፣ አንዷ ጨዋማ፣ አንዷ ጥልቅ፣ አንዷ የዓሣ ገበያ።» ይህኛው አስቸጋሪ ነበር። አርባ ምንጭን ወሰድኩ። ሐሙስ ዕለት ትልቋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የኢትዮጵያን ካርታ የያዘ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ መጣች። ከወንድሟ ጋር ወለል ላይ ተኝተው በጣታቸው መንገዱን ይዘው ወረዱ፤ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ። ባቱ ላይ ሐይቅ አገኙ። ከእሱ በታች ሦስት ሐይቅ አገኙ። አብያታ፣ ሻላ፣ ላንጋኖ። ድምፃቸው ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ ይከራከራሉ።

ዓርብ ማታ እንቆቅልሹን ከመጠየቄ በፊት ትልቋ «እኔ ልጠይቅሽ» አለችኝ። ሻይ በወተት የመሰለው ከሐይቁ ግርጌ የሚነሳው ደለል እንደሆነ፣ እህቶቿም እነማን እንደሆኑ ነገረችኝ። ላንጋኖ! ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና እንደ መንገዱ ሁኔታ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። እኔ የመጨረሻውን ምስጢር አልተናገርኩም፤ ሐይቁ ዳር ያለውን ፈረስ መጋለብ። ያቺን ትንሽ ድንገት አስቀረሁላት። ድንገቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ መጠኑ ግን ኪስ ውስጥ የሚያዝ መሆን አለበት።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ልቀሰቅሳቸው ስገባ ሁለቱም ለብሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ትንሹ የዋና ልብሱን ከሱሪው በላይ አድርጎታል። ስልኬን ረስቼው ወጥ ቤት ቀርቷል።

የካቲት ላይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ልትወጡ ያሰባችሁ ብትኖሩ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቦታውን ደብቁ፣ ሆቴሉን ደብቁ፣ ስጦታውን ደብቁ፤ ጉዞውን ግን ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት፣ በብርሃን፣ እራት ላይ ንገሯቸው። መንገዱ ግድ ብሎ በሌሊት የምትነሱ ከሆነም መብራቱን አብሩ፤ በሩን ስትከፍቱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «የምሥራች» ይሁን።